መስቀልን በቸሃ፦ ከልጆች ጋር ወደ አያት ቤት

መስከረም 11፣ አዲስ አበባ

የጉራጌ ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይዋል የትም ይደር፣ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ባለቤቴ የጉራጌ አገሯ የቸሃ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከተጋባን ወዲህ በዓሉን አንዳንዴ እዚህ፣ አንዳንዴ እዚያ እናሳልፋለን። ዘንድሮ ትልቋ ልጃችን አሥር ዓመት ሞላት፤ ትንሹ ስድስት። በዓሉን ከሥሩ እንዲያዩት ፈለግንና ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅንላቸው።

ከተማ ላደገ ልጅ መስቀል ማለት የመስቀል አደባባይ ደመራ ነው። ዋዜማው ላይ ችቦው ይበራል፣ ደመራው ይነዳል፣ በማግስቱ ሥጋ ይበላል፣ አለቀ። ጉራጌ አገር ግን በዓሉ ቀናት ይፈጃል። ሴቶች የራሳቸው ቀን አላቸው። ወንዶችም አላቸው። ልጆችም አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ የልጆቹ ነገር ነው። እዚያ ልጅ ጥግ ይዞ የሚያይ እንግዳ አይደለም፤ ሥራ ይሰጠዋል፣ ካልሠራ በዓሉ ይጎድላል። ልጆቼ ይህን በራሳቸው እጅ እንዲያውቁት ነው የምሄደው።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ መርካቶ ዋልን። መርካቶ በዚህ ሰሞን ሌላ ነው። ሻጩ ራሱ ተጓዥ ስለሆነ ሒሳቡን እየዘጋ፣ ዕቃውን እየጠቀለለ ነው የሚያነጋግርህ። ከነገ ወዲያ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል። ለአያት ጋቢ፣ ለሴት አያት ነጠላና ሻሽ፣ ለቤቱ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ገዛን። ለአጎት ልጆች ጫማ። ቁጥራቸውን ባለቤቴ በወንድሙ በኩል በገመድ አስለክቶ አስልኳል፤ በየጫማው ውስጥ ገመዱን እየከተተ ሲለካ ልጄ ስታየው ዋለች።

መስከረም 12፣ መንገድ ላይ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና መናኸሪያ ደረስን። ሰዉ ከእኛ ቀድሞ መጥቷል። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ጀሪካን የያዘ አለ፣ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ጣሪያ ላይ የሚያስጭን አለ። ልቤን የነኩት ግን ሊስትሮዎቹ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ጫማ ሲጠርጉ የከረሙ ልጆች ዛሬ አዲስ ጫማ አድርገዋል። አንዱ ከጎናችን ተቀመጠ። ዕድሜው ከአሥራ አምስት አይበልጥም። ለእናቱ የገዛውን ነጠላ እንዳይጨማደድ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው የሄደው። ጣሪያ ላይ ይጫንልህ ቢሉት እምቢ አለ።

ከሰበታ በኋላ አገሩ ይከፈታል። ተፍኪ ላይ ክረምቱ ያመጣው ውኃ ገና ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ወፎች ሞልተውታል። የበቾ ሜዳ እስከ ቱሉ ቦሎ ድረስ አረንጓዴ ነው። መንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ነው። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው እዚህ ቢያሳርፋቸው ጥሩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ለጨቅላ ሆድ ይከብዳል።

ወልቂጤ ስንደርስ እንሰት በየጓሮው መታየት ጀመረ። ከከተማው ወጥተን በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር አቀናን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ አገር መንገድ ሲነሳ ሁልጊዜ አንድ ታሪክ አብሮ ይነሳል፤ አማቴም ደጋግመው የሚያወሩት ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው ገንዘብ አዋጥተው፣ ማኅበር አቁመው አገራቸውን በመንገድ አገናኙ። አማቴ ያኔ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ያዋጡበትን ደረሰኝ ዛሬም በፕላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኑረውታል። በዚያ መንገድ ላይ ነው አሁን የልጅ ልጆቻቸው የሚመጡላቸው።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። አያቶቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጆቹን አገላብጠው ሳሟቸው፣ ግንባራቸውን ዳበሷቸው። ከዚያ ቤት ገባንና ቅቤ ጣል ያለበት ቡና ተቀዳ። ትንሹ መጀመሪያ አፍንጫውን ጨፈነ። ሁለተኛውን ሲኒ ራሱ ጠየቀ።

መስከረም 13

ዛሬ ቤት የማጽዳት ቀን ነው። የጉራጌን ጎጆ ላላየ ሰው ልንገረው። ቤቱ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ምሰሶ ጣሪያውን ደግፎ ይዟል። ክዳኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ውስጡ ቀዝቃዛና ሰፊ ነው። በአንድ በኩል ከብት ያድራል። ግድግዳው ላይ የሸክላ ጣባው፣ ሰፌዱ፣ ቅሉ፣ የእንጨት ዕቃው በረድፍ ተሰቅሏል። ለመስቀል ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ይወርዳል። ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ግድግዳው እንደ አዲስ ይለቀለቃል።

ሴት አማቴ ልጄን ጠሩና ጣባዎቹን ሰጧት። «እነዚህ ያንቺ ናቸው። አንዷ ብትሰበር ነገ ጎመን የሚበላበት የለም» አሏት። ልጄ ቤታችን ውስጥ አንድ ብርጭቆ ለማጠብ ስንት ጊዜ ነው የምትለመነው። እዚህ ግን ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ፣ ጣባውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥቀርሻውን በቅጠልና በአመድ እያሸች እስኪመሽ ድረስ አልተነሳችም። የአጎቷ ልጆች ጉራጊኛ ያወሯታል፤ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች። ከሰዓት በኋላ ግን የዕቃውን ስም ሁሉ በጉራጊኛ ትጠራ ነበር።

ጓሮ ደግሞ የቆጮው ጉድጓድ ተከፈተ። እንሰት ትዕግሥት የሚጠይቅ ተክል ነው። ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ሴቶቹ ይፍቁታል፣ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፣ እየፈተሹ፣ ቅጠሉን እየለወጡ ያበስሉታል። ለመስቀል የሚወጣው ቆይቶ የበሰለው፣ ምርጡ ነው። ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ኃይለኛ ነው። አማቴ አንድ እፍኝ አንስተው አሸተቱና አንገታቸውን ነቀነቁ። ያቺ ንቅናቄ ለአንድ ዓመት ድካም የተሰጠች ምስጋና ነበረች። ከዚያ ቃጫውን እየለዩ፣ እየከተፉ፣ በኮባ እየጠቀለሉ ምጣድ ላይ ጋገሩት።

ትንሹን ከወንዶቹ ጋር ላክሁት። እንጨት ከበዓሉ በፊት ቀደም ብሎ ተፈልጦ፣ ቤቱ ጥግ ተከምሮ ደርቋል። የልጆቹ ሥራ ለነገ ለራሳቸው እሳት የሚሆነውን መልቀም ነው። ማታ ሲመለስ ጸጉሩ ውስጥ ቅጠል፣ እጁ ላይ ጭረት ነበር። የሰበሰበውን ክምር ማንም እንዳይነካበት ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀን።

መስከረም 14፣ ደንጌሳት

ከቀኖቹ ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ደንጌሳት የሴቶችና የልጆች ቀን ነው። የሚበላው የጎመን ክትፎ ነው። በሬው ገና በሕይወት አለ፤ ዛሬ ሥጋ አይነሳም። ዛሬ የሚነግሠው ቅቤ ነው።

ስለ ቅቤው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እዚህ አገር ወንዱ ለበሬ ያጠራቅማል፣ ሴቷ ለቅቤ። ሴቶቹ ውጆ የሚሉት ማኅበር አላቸው። ወተቱን ወይም ቅቤውን በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ላሟ ትንሽ የምትሰጥ ሴት ብቻዋን ብትሆን ለመስቀል የሚበቃ ቅቤ አይወጣላትም። በውጆ ግን ተራዋ ሲደርስ እንስራዋ ይሞላል። ባንክ በሌለበት፣ ወረቀት በሌለበት፣ በመተማመን ብቻ የሚሠራ ነው። የሴት አማቴ ውጆ አባላት ከእሳቸው ጋር ያረጁ ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬ ጠዋት አንደኛዋ ስትመጣ ሴት አማቴ ልጄን አስጠርተው «ይቺ ናት ቅቤውን ያበላችሽ፣ ሳሚያት» አሏት።

ጎመኑ ገና በጠዋት ተቀቀለ። ከዚያ በጣም ደቅቆ ይከተፋል። እኔና የባለቤቴ እህቶች መክተፊያውን ከበን ተቀመጥን። በሁለት ቢላ፣ በሁለት እጅ ነው የሚከተፈው። ድምፁ ከየቤቱ ይሰማል፤ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሥራ ይዟል። ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሯል። ጎመኑ በቅቤ ታሸ፣ ሚጥሚጣ ገባበት፣ አይቡ ለብቻው ተዘጋጀ። ልጄ ያጠበቻቸው ጣባዎች ኮባ ተነጠፈባቸውና ተሞሉ። ሁሉም ሰው ከኮባው ቅጠል ቆርጦ፣ አጥፎ፣ እሱን እንደ ማንኪያ ይዞ ይበላል። ትኩስ ቆጮ አብሮ አለ። ወንዶቹም ይበላሉ፣ ግን ዛሬ የሚያስተናግዱት ሴቶቹ ናቸው፤ የሚመረቁትም እነሱ ናቸው። አማቴ ተነሥተው ቆሙና ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ምራቶቻቸውን በየተራ መረቁ። እኔም «አሜን» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ሲመሽ ልጆቹ ወጡ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ አለ። ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ግራና ቀኙ ቤት የተደረደረበት የጋራ መንገድ ነው። ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ሸንጎም፣ ጨዋታም እዚያ ላይ ነው። ማንም ቆርሶ አያርሰውም፣ አጥሮ አይይዘውም፤ የአገሩ ሕግ ቂጫ ይጠብቀዋል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ሜዳ አላየሁም። መኪና የለም፣ አጥር የለም፣ ከየደጁ ዓይን አለ።

በየደጃፉ ትንንሽ እሳት ተለኮሰ። ይህ የልጆቹ እሳት ነው። ትልልቆቹ ራቅ ብለው ቆመው ያያሉ፤ እንጨት የሚጨምሩት፣ የሚጨፍሩት፣ ከአንዱ እሳት ወደ አንዱ የሚሮጡት ልጆቹ ናቸው። የትንሹ ክምር ሲነድ ፊቱን ባያችሁት። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ስልክሽን ስጪኝ ሲል የነበረው ልጅ ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ቃል አልጠየቀኝም። አጠገቡ አንድ ትልቅ ልጅ ቆሞ እሳቱን ይጠብቅላቸው ነበር። ይህም ደንብ ነው፦ ከየቤቱ ከፍ ያለው ልጅ ለትንንሾቹ ኃላፊ ይሆናል፤ ልጄም አፍታ ሳትቆይ ሁለት ሕፃናት ተሰጧት።

መስከረም 15፣ ወኸምያ

ወኸምያ የእርድ ቀን ነው። በሬው ወጣ። የባለቤቴ ወንድሞች ዓመቱን ሙሉ እቁብ ጥለው የገዙት ነው። ቀንዱ ትልቅ፣ ቆዳው የሚያበራ። ትንሹ ትናንት ሣር ሲያበላው ስለዋለ ፈራሁለት። አያቱ ግን ገብቷቸዋል። ወስደው አጠገባቸው አስቀመጡትና በዝግታ አስረዱት። በሬው ምን እንደሠራ፣ ለምን እንደሚታረድ፣ ለማን እንደሚደርስ ነገሩት። ማየት ካልፈለገ ከሴቶቹ ጋር እንዲሆን ነገሩት። እሱ ከእኔ ጋር ሆነ። እህቱ ከአጎቶቿ ጋር ቆመች። ልጆችን ወደዚህ የምታመጡ ወላጆች ይህን አስቀድማችሁ ብትነጋገሩበት መልካም ነው። አንዱ ልጅ የቻለውን ሌላው ላይችለው ይችላል። እዚህ ደግሞ ማንም አያስገድድም።

ከመታረዱ በፊት ምርቃት አለ። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰበሰበ። አማቴ የለበሱት ያመጣንላቸውን ጋቢ ነው። ዝናቡ በጊዜው እንዲጥል፣ እንሰቱ እንዲያፈራ፣ የወጣው በሰላም እንዲመለስ መረቁ። ከአገር ውጭ ያለው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ስሙ ተጠርቶ ተመረቀ። ስልክ ተደውሎለት ነበር። ሁሉም «አሜን» ሲል እሱም በስልኩ ውስጥ «አሜን» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። ወንዶቹ በለቱ። እያንዳንዱ ብልት የሚሄድበት አለው። ለአያት፣ ለእናት፣ ላገባች ልጅ፣ ለጎረቤት ተለይቶ ይቀመጣል። የልጆች ሥራ ደግሞ ማድረስ ነው። ልጄ በኮባ የተጠቀለለ ሥጋ ተሰጣትና ጀፎረውን ተሻግራ ባላቸው ለሞቱባቸው አንዲት እናት አደረሰች። ስትመለስ እጇ ሙሉ ነበር፤ እንቁላል፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ምርቃት። «እማ፣ ጸጉሬን ሁለት እጃቸውን ጭነው ነው የመረቁኝ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ መልእክት ይኖር እንደሆነ ብላ ምድጃው አጠገብ ተተከለች። ማታ ላይ የሰፈሩን ቤት ግማሹን ታውቀዋለች።

ክትፎው የተሠራው ከቀይ ሥጋው ነው። ጅማቱ ተለቅሞ ወጥቶ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ በሞቀ ቅቤና ሚጥሚጣ ተለወሰ። አዋቂው ጥሬውን በላ። ለልጆቹ ግን ለብለብ ከማድረግም አልፈን አብስለን ሰጠናቸው። ሴት አማቴም «ለልጅ ይብሰል» ነው የሚሉት። ሲነጋ የሆድ ሕመም የለ፣ ምን የለ።

መስከረም 16

የዛሬው ጉዳይ ደመራ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ላይ የባለቤቴ ወንድምና አንድ ጎረቤት በሽማግሌ ፊት ጀፎረው ላይ ተቀመጡ። በድንበር ተቀያይመው ከርመዋል። ቂም ይዞ መስቀል መብላት እዚህ ነውር ነው። የተጣላ ሰው ከደመራው በፊት ይታረቃል። ሽማግሌዎቹ ረጅም ሰዓት ወሰዱ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ማንም ማንንም አያቋርጥም። በመጨረሻ ሁለቱ ተነሡ፣ ተሳሳሙ። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ማንም «ሂዱ ተጫወቱ» አላላቸውም። እኔ ባደግሁበት ቤት የትልልቆች ጠብ ሲነሳ ልጅ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። ዛሬ ልጆቼ ጠብ እንዴት እንደሚያልቅ አዩ። ለዚህ ብቻ እንኳ ብመጣ አይቆጨኝም።

ከሰዓት በኋላ ደመራው ተተከለ። ከየቤቱ እንጨት መጣ። ምሽት ላይ ቄሱ ጸለዩ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ችቦው ተለኮሰ። የጌታችን መስቀል በንግሥት እሌኒ ዘመን የተገኘበትን ታሪክ አማቴ ለልጆቹ ነገሯቸው። ዕጣኑ ጤሶ ጢሱ ያመለከታት ቦታ ላይ እንዳስቆፈረች ሲሰማ ትንሹ የእኛን ጢስ እየተከተለ ሊሮጥ ተነሳ። አጎቱ ያዘው። ደመራው ሲወድቅ ወዴት እንደወደቀ ሁሉም አየ፣ ተወያየበት። ለጥጋብ ነው አሉ።

ብርዱ ግን ብርድ ነው። ቦታው ደጋ ስለሆነ ማታ ማታ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ለልጆች ወፍራም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ወደዚህ የምትመጡ የበዓል ልብስ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

መስከረም 17፣ መስቀል

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ከዚያ በኋላ ቀኑ የመብላትና የመጠያየቅ ነው። አዲስ ልብስ ተለበሰ። ገመድ የተለካላቸው ጫማዎች ሁሉ ልክ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች። ሙስሊም አግብታ ሙስሊም ናት። ለእነሱ በግ ለብቻው ተዘጋጅቶ፣ ባሏ በራሱ እጅ ባርኮ አረደው። ድስቱም፣ መክተፊያውም ለብቻው ነው። ሴት አማቴ ይህን ለማንም አይተዉም፤ ራሳቸው ያሰናዱታል። በአረፋ ደግሞ ተራው የእነሱ ነው። የመስቀል ጊዜ ክርስቲያኑ እንደሚገባ ሁሉ በአረፋ ሙስሊሙ ጉራጌ ከያለበት ወደ አገሩ ይገባል፤ ያን ጊዜ የእኔ አማቶች ይሄዳሉ። የአክስት ልጆቹ ከልጆቼ ጋር ጀፎረው ላይ ሲሯሯጡ ዋሉ። የማን ልጅ የማን እንደሆነ ለመለየት ስም መጥራት ነበረብን።

ማታ ጭፈራ ነበር። የጉራጌ ጭፈራ ጉልበት ይጠይቃል። የእግሩ ፍጥነት፣ የእጁ ምት፣ የትንፋሹ ድምፅ አንድ ላይ ነው። ልጄ ከአክስቷ ፊት ቆማ እግሯን እያየች ተማረች። አማቴ ከነምርኩዛቸው ተነሥተው ጥቂት ሲረግጡ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

መስከረም 18

ወደ ሴት አማቴ የትውልድ ቤት ሄድን፤ ጉንችሬ በኩል ነው። ያገባች ሴት በመስቀል ሰሞን ወላጆቿን ትጠይቃለች። ሴት አማቴ የልጅ ልጅ አይተው እንኳ አሁንም ይሄዳሉ። እናታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ወንድማቸው ቤቱን ይዘዋል። እሳቸውን ደጅ ላይ ሲያዩ «ልጃችን መጣች» ነው ያሉት። ልጄ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። አያትም የሆነ ቤት ልጅ እንደሆኑ ዛሬ የገባት መሰለኝ።

ቀሪው መብላት፣ መጠጣት፣ መመረቅ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር በጊዜ ተመለስን።

መስከረም 19፣ መመለሻ

ከመነሳታችን በፊት ወንድማማቾቹ ቡና ላይ ተቀምጠው የከርሞውን በሬ ተነጋገሩ። ማን ስንት እንደሚጥል፣ ሰብሳቢው ማን እንደሚሆን ተወሰነ። ሴት አማቴ ለእኔ አንድ ማሰሮ ቅቤ፣ ሁለት ጥቅል ቆጮ፣ የደረቀ ኮሰረት አሰሩልኝ። አማቴ ትንሹን ቤቱ ጀርባ ወስደው ከግድግዳው ጋር የተደገፈ የእንጨት እስር አሳዩት። የሚደርቀው ለእሱ ነው፤ ለከርሞ ደንጌሳት። ማንም እንዳይነካው የአጎቱን ልጆች አስማላቸው።

ወልቂጤ ላይ መናኸሪያው ሙሉ ነበር። ትርፍ እንዳንጫን ብለን አንድ መኪና አሳለፍን። ልጆች ይዞ የሚመለስ ሰው ቢችል አንድ ቀን ዘግይቶ ቢነሳ ይሻለዋል። እኛ ትምህርት ቤቱ ስለጠበቀን አልቻልንም። ከወሊሶ ወዲህ ሁለቱም ተኝተው ነው የመጡት።

መስከረም 27፣ አዲስ አበባ

ዛሬ የባለቤቴ እህት ደወለች። እዚያ በዓሉ አላበቃም፤ አዳብና ላይ ናቸው። ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ወጣቶቹ ተውበው በየገበያው የሚሰባሰቡበት፣ የሚጨፍሩበት፣ የሚተያዩበት ነው። ብዙ ትዳር የሚጀምረው እዚያ ነው። ባለቤቴ ወላጆቹ የተያዩት በአዳብና እንደሆነ ለልጆቹ ሲነግራቸው፣ ልጄ ስልኩን ተቀብላ አያቷን ስለዚያ ቀን ጥያቄ በጥያቄ አደረገቻቸው። ምን ለብሰው ነበር፣ ማን ቀድሞ አናገረ፣ ጸጉራቸው እንዴት ተሠርቶ ነበር። ሴት አማቴ እየሳቁ ሁሉንም መለሱላት።

ለከርሞ ከልጆቹ ጋር ቀደም ብለን ሄደን ከእንጨት ፈለጣው እንጀምራለን። ባለቤቴም ከመሥሪያ ቤቱ ከቻለ እስከ አዳብና የሚያቆየውን ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከግቢያችን ሦስት ሴቶች ጋር የቅቤ ውጆ ጀምረናል። የመጀመሪያው ዕጣ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ መዝገቡን የያዘችው ልጄ ናት።